የስለት ፀጉር

ዳልቫ ኦዚያስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ቀን በፍቅሩ አልወደቀችም። ቀናችበት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩ ሲንኳኳ የካርኒቫል ቀሚስ እየሰፋች ነበር። መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ሄዳ ከፈተች። ደጃፉን በትከሻው የሞላ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱን አላየችም። ዓይኗን የያዘው ፀጉሩ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዞማ፤ በአንድ ላስቲክ ታስሮ በትከሻው ላይ ወደ ፊት ተጥሎ እስከ ቀበቶው የሚወርድ ፀጉር!

ጣቶቹ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። «አንድ ግንበኛ ይሄን ሁሉ ፀጉር ምን ያደርግለታል?» አለች በሆዷ። «እግዜርስ ሲያድል አያይም እንዴ?»

«ዶና ዳልቫ ነዎት?» አለ ሰውየው።

«ነኝ። የሚሰፋ ካለ ለሳምንት ነው፤ አሁን እጄ ሙሉ ነው።»

«የሚሰፋውስ… እኔው ነኝ።»

«እርስዎን ልስፋ?»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። «ፀጉሬን ማለቴ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሽማግሌዎች ናቸው የላኩኝ።»

ያኔ ገባት። በብራዚሏ ሳባራ ከተማ መስቀል የተሸከመው የጌታ የእንጨት ምስል በጾሙ ወራት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከተማውን ይዞራል። ራሱ ላይ የሚደረግለት ፀጉር የእውነት የሰው ፀጉር ነው። ክር አይሆንም፤ የፈረስ ጭራም አይሆንም። ስለት ያለበት ሰው ነው የሚሰጠው። አሮጌው ሲደበዝዝ ባለ ስለት ይፈለጋል፤ ፀጉሩ ተቆርጦ ወደ ዳልቫ ይመጣል፤ እሷም በቀጭን መንጠቆ አንድ በአንድ እየቋጠረች መረብ ላይ ትተክለዋለች። ዊግ መሥራት የልጅነት ሙያዋ ነው።

«ኦዚያስ እባላለሁ» አለ ሰውየው ሲቀመጥ። «የዛሬ ሰባት ዓመት ግንብ ተንዶብኝ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ለእናቴ ነገሯት። እሷም ሄዳ ጌታ እግር ሥር ወደቀች። “ልጄን አትርፍልኝ እንጂ ሰባት ዓመት መቀስ ሳይነካው ያደገ ፀጉሩን ለአንተ” ብላ ተሳለች።»

«ስለቷ ሰመረላት።»

«ሰመረላት። ግን ሰባቱን ዓመት አልጠበቀችም፤ አረፈች። አደራውን ለእኔ ጥላ።»

ዳልቫ ራሷ ላይ የጠመጠመችውን ሻሽ በጣቷ ነካ አደረገች። ሁልጊዜ የምታደርገው ነው፤ በቦታው እንዳለ ለማረጋገጥ።

የከተማው ሰው ሻሹን የፋሽን ነገር ያደርገዋል። ለቀይ ቀሚስ ቀይ ሻሽ፤ ለአረንጓዴ አረንጓዴ። «ዳልቫ እኮ ስታምርበት!» ይላሉ። ከሻሹ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቁት እሷና አንዲት ሐኪም ብቻ ናቸው።

ዳልቫ ስትወለድ አዋላጇ «ወንድ ነው» ብላ ነበር። እሷ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሴት መሆኗን ታውቀዋለች፤ ስሟንም ያወጣችው ራሷ ናት። ሆርሞን የጀመረችው ግን ዘግይታ፣ አርባን ልትደፍን ስትል ነው። ትልቁ ከተማ ቤሎ ኦሪዞንቺ ድረስ በአውቶቡስ እየሄደች ትከታተላለች። ቆዳዋ ለሰለሰ። ጉንጯ ሞላ አለ። ጡቷ ሲያጎጠጉጥ መስታወት ፊት ቆማ ብቻዋን ሳቀች። አንድ ነገር ብቻ አልመጣ አለ። ፀጉር! እነዚያ ሁሉ የዘገዩ ዓመታት ግንባሯን ከግራና ከቀኝ ገፍተውታል፤ አናቷንም አሳስተውታል።

ሐኪሟ ዶክተር ዙሌይካ አላድበሰበሰችም። «አልዋሽሽም ዳልቫ። የወንዱ ሆርሞን ሲወርድ መርገፉ ይቆማል። ሥሩ የሞተው ግን አይመለስም። ሥሩ የተኛውን እንቀሰቅሰው እንደሆነ እንሞክራለን» ብላ ጠዋትና ማታ የሚቀባ ሚኖክሲዲል የሚባል ሎሽን ሰጠቻት። «መጀመሪያ ላይ ይባስ ይረግፋል። አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። እንዳትደነግጪ፤ እንዳታቆሚ።»

እንዳትደነግጪ ማለት ቀላል ነው! በየማለዳው ትራሷ ላይ፣ መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ፣ ወለሉ ላይ ጥምዝምዝ ያለ ፀጉሯን ስትለቅም የምትይዘው የምትጨብጠው ታጣ ነበር። ኦዚያስ ያንን ዞማውን ይዞ ደጇ የቆመው እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ዳልቫ ናት።

«ፀጉሩ ጫፉ ደርቋል» አለችው ቆጣ ብላ። «በሲሚንቶ አቧራ እየተጫወቱበት! ለጌታ እንዲህ ያለ አይሰጥም። እስከ ጾሙ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ፤ አጥቤ ዘይት እቀባዋለሁ።»

«እሺ» አለ ኦዚያስ፤ እንደ ተማሪ።

ቅዳሜ መጣ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቀመጣል፤ ለብ ያለ ውሃ ታፈስለታለች፤ የኮኮናት ዘይት በመዳፏ አሙቃ ትቀባዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራል። ስለ ድንጋይ፣ ስለ እናቱ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሚኖረው፣ ከሰው ሁሉ ጋር ስለተጣላ በቀቀን። ወሬው ያስቃል። ሲመጣ ትኩስ የአይብ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቀን ከጓሮው ዛፍ ግንድ ላይ የለቀመውን ጃቡቲካባ የሚባል ጥቁር ፍሬ በኮፍያው ሙሉ አመጣላት።

«ዶና ዳልቫ፣ ይቅመሱ።»

«ይቅመሱ ይቅመሱ አትበለኝ፤ አሮጊት አደረግኸኝ እኮ።»

«እንግዲያው… ቅመሺ።»

ቀመሰች። ልቧ እንደዚያ የደነገጠው ለፍሬው ጣፋጭነት አልነበረም።

«ስለ እኔ የሚወራውን ሰምተሃል አይደል?» አለችው በሌላ ቀን፤ ፊቱን እንዳታይ ከኋላው ቆማ። «አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ቀዶ ጥገናውን…»

«ዳልቫ፣ ከተማችን የመሃረብ ስፋት አታክልም። ሁሉን ሰምቼ ነው የመጣሁት። ሰምቼ ነው የተመላለስኩት። ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«ከሻሹ ሥር ያለውን።»

እጇ ቀጥ አለ። ኦዚያስ ብድግ ብሎ ዞረ። ውሃ እየተንጠባጠበበት ሳማት! ዳልቫ እንዲህ ተስማ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ሳለ ግን ጣቶቹ ከጆሮዋ ጀርባ ወደ ሻሹ ጫፍ ሲወጡ ተሰማት። የእጁን አንጓ ጥፍሯ እስኪተከልበት ያዘችው።

«እሱን አትንካ!»

«እሺ።»

«መቼም እንዳትነካው!»

«እሺ አልኩሽ እኮ የኔ ቆንጆ። እሺ።»

እሱ ከሄደ በኋላ አለቀሰች። ያፈቀራት ሰው ፀጉሩ እስከ ወገቡ ነው፤ እሷ ደግሞ የሚዶ ጥርስ የማይዘው ራስ ተሸክማለች። ሲያየኝስ? አንድ ቀን ሻሹ ቢወልቅ፣ ቢያየኝ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ነገር ብትቀየር እሞታለሁ… እያለች ቁጭ ብላ ቀረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጉሩን ማበጠር ጣርና ደስታ ሆነባት። በወደደችው ቁጥር ትቀናለች፤ በቀናች ቁጥር ትወደዋለች። ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ሲወርድ የገዛ ራሷ ትዝ ይላታል። አልተናገረችም። ማንም ያየባት አልመሰላትም።

አንድ ቅዳሜ ኦዚያስ ታጥቦ ተጎንጉኖ መጣ።

ዳልቫ ጉንጉኑን አየች። ዊግ ለሚሠራ ሰው ጉንጉን እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። ከማጅራት ጠበቅ ብሎ ይጀምራል፣ መሃሉ ላይ ይላላል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይደበቃል። እንዲህ የምትጎነጉን ሴት ሳባራ ውስጥ አንድ ናት። ቁልቁለቱ ሥር ፀጉር ቤት ያላት ማሪናልቫ! ሁለት ባል ፈትታ ሦስተኛውን የምትፈልገው ማሪናልቫ፣ ሳቋ ድልድዩ ጋ የሚሰማው ማሪናልቫ፣ የራሷ ፀጉር እንደ ፏፏቴ የሚወርደው ማሪናልቫ!

«ማነው የጎነጎነህ?»

«እ… እንዲያው በመንገድ ሳልፍ…»

«በመንገድ ስታልፍ ጉንጉን ወደቀብህ?»

«አይ… አንቺም እንዳትደክሚ ብዬ ነው እንጂ…»

«ደከመኝ አልኩህ?»

ኦዚያስ ዓይኑን ወደ ኮፍያው ሰበረ። ዳልቫ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ዓይኑን የሚሰብር ወንድ የሚደብቀው አለው!

በሚቀጥለውም ሳምንት ታጥቦ መጣ፤ የማላውቀው ዘይት ይሸታል ብላ ጎረቤት እስኪሰማ አስነጠሰች። በሦስተኛው ሳምንት መታገስ አልቻለችም። «ክር ልገዛ» ብላ ለራሷ ዋሽታ ቁልቁለቱን ወረደች። በፀጉር ቤቱ መስኮት አሾለቀች። ኦዚያስ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ተቀምጧል። የማሪናልቫ ጣቶች ፀጉሩ ውስጥ ናቸው። የሆነ ነገር አላት፤ እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱም ሳቀ!

ደሟ ፈላ። ክሩንም አልገዛችም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። ቤት ገብታ ሐኪሟ ዘንድ ደወለች።

«ዶክተር፣ ሆርሞኑን እጥፍ አድርጌ ብወስደውስ?»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ቶሎ እንዲሠራ ብዬ።»

«የወደድሽው ሰው አለ አይደል?»

ዳልቫ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ዶክተር ዙሌይካ። «ክኒን በእልህ አይዋጥም። ብትጨምሪው ደም ሊረጋብሽ ይችላል እንጂ ፀጉር አያበቅልልሽም። ሎሽኑን አላቆምሽም አይደል?»

«አላቆምኩም።»

አቁማ ነበር። ያ ሁሉ ሲረግፍ ጠርሙሱን በንዴት መሳቢያ ውስጥ ወርውራው ነበር። ስልኩን ዘግታ አወጣችውና እንባዋ እየወረደ ራሷን መቀባት ጀመረች።

ቅዳሜ ሲመጣ በሩን ግማሽ ብቻ ከፈተች።

«ፀጉርህን ወደምታጥብህ ውሰደው!»

«ዳልቫ…»

«በመስኮት አይቻችኋለሁ! ስትሳሳቁ! እሷ ሻሽ የላትም። እንደልብህ ትነካታለህ፤ እጅህን የሚይዝህ የለም!»

«ስሚኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ…»

«አልፈልግም! ያንተ እውነት ተጎንጉኖ ነው የሚመጣው!»

ኦዚያስ የሆነ ነገር ከአፉ ሊወጣ ብሎ ሻሿን አየና መለሰው። «እንዲህ ከሆነ… ሲቆረጥ አመጣልሻለሁ» አለ። «የእናቴ ስለት ነው። እሱን እንኳ አትጣይብኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ የቆረጡትን ፀጉር በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መጣ። «ይኸው» ብቻ አለ። ሄደ።

ዳልቫ ፀጉሩን ደጋግማ አጠበችው፤ የማሪናልቫ ዘይት ሽታ ለቆ እስኪወጣ ድረስ! ከዚያ መንጠቆዋን ይዛ ተቀመጠች። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቋጠሮ፣ ሌላ ቋጠሮ። እየሰደበችው ቋጠረች፤ እየናፈቀችው ቋጠረች። ሎሽኗን ጠዋትና ማታ ተቀባች። መርገፉ ቀስ ብሎ ቆመ፤ እሷ ግን መስታወት ማየት ትታ ስለነበር ልብ አላለችውም።

ሥራው ያለቀ ዕለት ዊጉን የእንጨት ራስ ላይ አድርጋ አበጠረችው። ከሰዓት ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አረፈችበት። ወይ ማማር! እጇ በገዛ ፈቃዱ ይመስል ወደ ሻሿ ሄደ።

ቁም ሣጥኗ ውስጥ ይሄንኑ የሚያህል የተገዛ ፀጉር አላት። ለጌታ ያንን ብትሠራለት ማን ያውቃል? የእንጨት ራስ ነው፤ አይበርደው፤ አያፍር…

ሻሿን ፈታች። ዊጉን አደረገችው። መስታወቱን ገልጣ አየች።

ከልጅነቷ ጀምሮ በሕልሟ የምታያት ሴት ከፊቷ ቆማለች። ግንባሯ ልክ ነው። ጉንጯ ልክ ነው። ሁሉ ነገሯ ልክ ነው። ዳልቫ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

«ዳልቫ?»

በሩን አልቆለፈችውም! ኦዚያስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መሃል ቤት ቆሟል።

«ሽማግሌዎቹ… ነገ እንወስዳለን በላት ብለውኝ…»

«አትየኝ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሌባ ነኝ! ከጌታ ራስ ላይ የምሰርቅ ሌባ ነኝ! ሂድና ንገራቸው!»

ኦዚያስ አልሄደም። የሚታጠብበትን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያምርብሻል» አለ ቀስ ብሎ።

«የኔ አይደለማ! ያንተ ነው! ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ቀንቼብሃለሁ… ከዚያ በእሷ ቀናሁ… አሁን ደግሞ በጌታ! በጌታ ቀናሁ፣ ይገባሃል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

«በማሪናልቫ ነው የቀናሽው?» ኦዚያስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እሷ ዘንድ የሄድኩት በአንቺ ምክንያት ነው እኮ። ፀጉሬን ስታበጥሪ በዚህ መስታወት አይሽ ነበር። ማበጠሪያው በወረደ ቁጥር ፊትሽ ይጠወልጋል። ታጥቤ ተጎንጉኜ ብመጣ ታርፊያለሽ ብዬ ነው። ቁጭ ብለን ዝም ብለን እንድናወራ ብዬ ነው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? “ፀጉርሽ እንደሚረግፍ አውቄያለሁ” ብዬ? አንቺ እንዲህ የደበቅሽውን?»

ዳልቫ እጇን ከፊቷ አወረደች። «…ታውቃለህ?»

«የኔ ፀጉር ቀጥ ያለ ነው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ወለልሽ ላይ የማየው ግን ጥምዝ ነው።»

ከታች መንገድ ላይ አንድ ሻጭ «ማንጎ! ማንጎ!» እያለ አለፈ።

«ያዢው» አለ ኦዚያስ በድንገት።

«ምኑን?»

«ፀጉሩን። ለጌታ ሌላ ሥሪለት፤ እኔ አልናገርም። ከጌታ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ከ… ከእናቴም ጋር…»

እናቴ ሲል ኮፍያውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘው ጀመር። ዳልቫ አየችው። እሺ ብትል የሚከለክላት የለም። ሕልሟ ራሷ ላይ ነው፤ እጇን ማንሳት አይጠበቅባትም። ግን ይሄ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በእናቱ መቃብር አጠገብ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል።

«ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር» አለችው።

«ለምን?»

«አዙር አልኩህ። እንዳታይ!»

አዞረ። ዳልቫ ዊጉን በቀስታ አውልቃ የእንጨቱ ራስ ላይ መለሰችው። ሻሿን ጠመጠመች።

«የሙት አደራ አልበላም» አለች። «እናትህን አላውቃትም። ግን አንተን የሰጠችኝ እሷ ናት። አሁን ዙር።»

ዞረ። ሻሹን ሲያይ ቅር አለው፤ አልደበቀም። «ያንን መቼ ነው የማየው?»

«አላውቅም ኦዚያስ። ምናልባት መቼም።»

«ሰባት ዓመት ፀጉር የጠበቅኩ ሰው ነኝ። መጠበቅ አውቅበታለሁ።»

ያኔ ነው ዳልቫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላጨ ራሱን ያስተዋለችው። ነጭ፣ ክብ፣ ጆሮዎቹ ግራና ቀኝ የቀሩ። ሳቋ አመለጣት። «እንቁላል መስለሃል!»

«ሳቂ! ስለቴ እስኪፈጸም እየተላጨሁ ፀሐዩ አናቴን ሊቀቅለው ነው፤ አንቺ ሳቂ!»

ተቃቅፈው ሳቁ።

በማግስቱ ዳልቫ ቁልቁለቱን ወርዳ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ይቅርታ እንዴት እንደሚጀመር ስታስብ ማሪናልቫ ቀደመቻት።

«መጣሽ? ቀናተኛዋ! ያ ሰውዬሽ ራሱን ሳጥበው “ዳልቫ እንዲህ አለች፣ ዳልቫ እንዲያ አለች” እያለ አደንቁሮኛል። ባል ባገኘሁ ይሻለኝ ነበር! ግቢ። መጋረጃውን ዝጊና ሻሹን አውልቂ።»

«አላወልቅም።»

«አንቺ፣ እኔ ያላየሁት ራስ የለም። ይሄ ፏፏቴ የሚሉት የኔ ፀጉርም ግማሹ የተቀጠለ ነው። ንኪው!»

ዳልቫ ነካችው። እውነት ነው፤ የተቀጠለ ነው! ለካ ለወራት የቀናችው በተገዛ ፀጉር ኖሯል፤ ያውም ባለሙያዋ እሷ! ከመስኮት ሆኖ ሲቀና ቋጠሮ አይታይም። እያመነታች ሻሿን ፈታች። ማሪናልቫ ጣቷን በግንባሯ ዳር አስኬደችና ጮኸች።

«እንዴ! ይሄ ምንድነው? እየበቀለ ነው እኮ! እንደ ጫጩት ላባ!»

መስታወቱን አስጠጋችላት። ግንባሯ ዳር፣ ለዓመታት ራቁቱን የነበረው ቦታ ላይ፣ ስስ ለስላሳ ነገር ይታያል። ብዙ አይደለም። አናቷ ላይ ያለው ምናልባት መቼም አይሞላም። ግን የተኛው ነቅቷል! ማሪናልቫ የረዘመውንና የሳሳውን አሳጥራ፣ ከፊት ትንሽ አውርዳ ቆረጠችላት።

ኦዚያስ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ሳላይ ማሪናልቫ አየችው?»

«ምነው፣ ቀናህ?» አለች ዳልቫ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ!

የዑደቱ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ወንዶቹ መስቀል የተሸከመውን ጌታ ይዘው ከአንደኛው ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ፤ ሴቶቹ የሐዘንተኛዋን እናቱን ምስል ተሸክመው ከሌላኛው ይመጣሉ፤ አደባባዩ ላይ እናትና ልጅ ይገናኛሉ። ዳልቫ በየዓመቱ ከመስኮቷ ሆና ነው የምታየው። ከወንዶቹ ጋር አትሄድ፤ ከሴቶቹ ጋር ማን ጠርቷት!

ዘንድሮ ማሪናልቫ ከታች ሆና ጮኸች። «ነይ ውረጂ! ትከሻ ጎድሎናል!»

ወረደች። አንዲት አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ዳልቫ የምስሉን መሸከሚያ እንጨት ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከበዳት፤ ደስ አላት።

አደባባዩ ላይ ሁለቱ ምስሎች ፊት ለፊት ቆሙ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሳበ። ጌታ ሐምራዊ ልብሱን ለብሷል፤ ነፋስ ፀጉሩን አንስቶ ትከሻው ላይ በተነው። «እንዴት ያምራል!» አለች አንዷ። ዳልቫ ቅናቷን በሆዷ ፈለገችው። ትንሽ አለች፤ አልጠፋችም። ግን እንደ ድሮው አትናከስም።

ከምስሉ ሥር ኦዚያስ አለ። ቄሱ ስብከት ጀመሩ፤ የዚያ ቀን ስብከት ረጅም ነው። ፀሐይ በተላጨው አናቱ ላይ ታነድዳለች። ቆዳው ቀልቷል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት እጁ እንጨቱን ይዟልና መጥረግ አይችልም። ዓይኑን እያርገበገበ ቆሟል። ስለቱ ነውና ንቅንቅ አይልም።

ዳልቫ አሮጊቷን «አንዴ ይያዙልኝ» አለች። ቦታዋን ለቀቀች። በወንዶቹና በሴቶቹ መሃል ያለውን ባዶ ስፍራ፣ በስብከት ሰዓት ማንም የማያቋርጠውን፣ አቋርጣ ሄደች። ኦዚያስ ፊት ቆመች። እጇን አነሳችና ሻሿን ፈታች።

ፀሐይ አናቷን ነካት። አደባባይ ሙሉ ሕዝብ ከኋላዋ አለ። ዳልቫ በሻሹ ላቡን ጠረገችለት። ከዚያ የሚነድ ራሱ ላይ ጠመጠመችለት፤ ከጆሮው ጀርባ ቋጠረችው።

ኦዚያስ ጌታንም ቄሱንም አላየም። እሷን አየ። የሳሳውን አናቷን፣ አጭሩን ፀጉሯን፣ ግንባሯ ዳር ያለችውን የጫጩት ላባ። ዳልቫ ፊቱ ላይ የምትቀየር ነገር ጠበቀች። ጠበቀች…

«የደበቅሽኝ ይሄን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ይሄን ነው።»

«እኔ ደግሞ ቀንድ ያለሽ መስሎኝ ነበር!»

ሳቋ ስብከቱ መሃል ፈነዳ። ከሴቶቹ ወገን የማሪናልቫ ድምፅ «እሽሽ! ጾም ነው!» ሲል ተሰማ፤ ራሷ እየሳቀች ነበር።

«ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለችው ዳልቫ።

«መጥቼስ? ፀጉር የለኝ፣ ምን ታጥቢልኛለሽ?»

«ና ብቻ» አለች። «የኔን ትቀባልኛለህ።»

ባዶ ራሷን እንደሆነች ዞራ፣ ትከሻዋን ወደሚጠብቁት ሴቶች ተመለሰች።